ዝም ሲል የሚናገረው ሽማግሌ

፩

«ዓይንህን እንዳትጨፍን» አለች ዶክተር ትርሲት። መብራቱን አጠፋችው።

፪




ጨለማ።




፫

አንባቢ ሆይ፣ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። ይመር የተቀመጠበት የዓይን ምርመራ ክፍል ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ለእሱ ዓለም ሁሉ እንዲህ ነው፤ ሰው ዳፍንት ይለዋል። ይመር አናጢ ነው። ቀን መጋዙ ከመስመር አይወጣም፤ ከመግሪብ በኋላ ግን የገዛ በሩን በዳበሳ ይፈልጋል።

ዳፍንቱ አንድም እየባሰ ሄዶ ቀኑንም ይወስድበታል፣ አንድም ባለበት ይቆማል። የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ሊያገባት ወደሚፈልጋት ወደ ሀያት ቤት ሽማግሌ አልልክም ብሏል።

፬

ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ የተባለ፦

መዲና (ታላቅ እህቱ)፦ ጉበት ብላ ብዬ የሰፈሩን በግ ሁሉ ጨረስኩ። ዓይንህ እቴ፣ ንቅንቅ አላለም!

ይመር፦ እትዬ፣ ቀስ በይ። ዶክተሯ ይሰማሉ።

መዲና፦ ይስሙዋ! ሀያትስ ምን አለች?

ይመር፦ «ዓይኔ ሊጠፋ ይችላል» አልኋት።

መዲና፦ እሺ፣ እሷስ?

ይመር፦ ዝም።

መዲና፦ ዝም ካለችማ እሺ ብላሃለች፣ አንተ እንጨት!

ይመር፦ አዝናልኝ ይሆናል።

፭

ብልጭ።



ብልጭ።



ከታችኛው የዓይኑ ቆብ ጠርዝ ላይ የተጋደመች ቀጭን ክር ዓይኑ ለብልጭታው መልስ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ እየለቀመች ወደ ስክሪኑ ትልካለች። ቆጣሪ የማይቆጥረው ኤሌክትሪክ።

፮

መብራቱ በራ። ዶክተር ትርሲት ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው።

«ዓይንህ ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ ሴሎች አሉ። ከእነሱ ወደ ቀጣዮቹ ሴሎች መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር አለ። ሽማግሌ በለው። ታዲያ ይሄ ሽማግሌ በጨለማ ያለማቋረጥ ይለፈልፋል፤ ብርሃን ሲመጣ ዝም ይላል።»

«ብርሃን ሲመጣ?»

«አዎ። ዝምታው ነው መልእክቱ። ቀጣዩ ሴል ዝምታውን ሲሰማ ይነቃል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመርም ሽቅብ ይወጣል።»

በጣቷ አሳየችው። የጤነኛ ሰው መስመር ትንሽ ይወርድና ተስፈንጥሮ ይወጣል። የይመር ግን

     ወረደ።

          እዚያው ቀረ።

«ያንተ ሽማግሌ በሰዓቱ ዝም ይላል» አለች። «ዝምታው የማይገባው ተቀባዩ ነው።»

«ይሄንንማ እኔም ደርሼበታለሁ!» አለች መዲና።

፯

ይመር አልሳቀም።

«ይብሳል?»

«አይብስም። መስመሩ ጭራሽ ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ እፈራ ነበር። ይሄ አብሮህ የተወለደ ነው። መድኃኒት የለኝም፤ ማታ ማታ እንደዳበስክ ትኖራለህ። ቀንህን ግን ማንም አይወስድብህም።»

መዲና በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

፰

ደጅ። ፀሐይ። ስልክ።

ይመር፦ ሀያት፣ አይብስም አሉኝ። አይድንምም። ሽማግሌ ልላክ?

ሀያት፦ እስካሁን ምን ይዞህ ነው? ላክ እንጂ።

ይመር፦ እሺ።

ሀያት፦ ቆይ፣ ይመር። አባባ ስለ ዳፍንትህ ሰምተዋል። «ነገ ቢታወርስ?» ማለታቸው አይቀርም። የአንተ ዶክተር ቋንቋ እሳቸው ዘንድ አይሠራም። በምን ቃል ላስረዳቸው?

ይመር፦ «እንጨት ውስጥ እንዳለ ጉጥ ነው፤ አብሮት የበቀለ ነው፣ አይሰፋም» በያቸው።