ገነቴ ያልጻፈችው ኢሜይል

ወንድሜ ሶፎንያስ ማስተርሱን ከያዘ ወዲህ እኛ ቤት ሌላ የሚያስብ ሰው የለም። ቴሌቪዥኑን የሚያስተካክለው እሱ፣ የአባን የደም ግፊት ኪኒን የሚተነትነው እሱ፣ ሆሳዕና በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶቹን ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምረውም እሱ ነው። ፓስዎርድ አሳልፎ ለሌባ መስጠትም ይችልበታል።

እማዬ ከሞተች በኋላ አባ ከምንም በላይ የሚሳሳለት ነገር የኢሜይል አካውንቱ ነበር። ስልኩ ሲሰበር ፎቶዎቿና የድምፅ መልእክቶቿ የተረፉት እዚያ ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ይቀመጥና «ከሺንሺቾ ገበያ ወጥቻለሁ፤ አንተ፣ ኪኒንህን ዋጥክ?» እያለች የላከችለትን ሰምቶ ለብቻው ይስቃል።

ባለፈው ሐሙስ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ኢሜይል መጣለት። የላከችው ገነቴ ነች ይላል፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው የታላቅ ወንድማችን የቲቶ ሚስት። «እንደምን አሉ አቶ ዕንባቆም? የልጆቹን ፎቶ ልኬያለሁ። እዚህ ይጫኑና ፓስዎርድዎን ያስገቡ።»

አባ አነበበና ስልኩን አስቀመጠ። «ይቺ ገነቴ አይደለችም» አለው ሶፎንያስን። «ስሜን ጠርታለች።»

ገነቴ የዶዮገና ልጅ ነች፤ ያሳደገቻት አያቷ ነች። በአያቷ ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በስሙ መነሻ የሚጀምር ቃልም ከአፏ አይወጣም። አባታችን ዕንባቆም ነውና ይህቺ ምስኪን በአማርኛ ስታወራ እንኳ እንቁላልን «የዶሮ ፍሬ»፣ እንጨትን «ማገዶ» ስትል ኖራለች። እንጀራ ሲያምራት «እሱን አቀብሉኝ» ብላ በጣቷ ታሳያለች። ጆሃንስበርግ ገብታም አልተወችውም። ስትደውል «ሰላም ዋሉ አባባ» እንጂ «እንደምን ዋሉ» ብላ አታውቅም። ሌባው ገና አፉን ሲከፍት ተይዞ ነበር።

ሶፎንያስ ሳቀ። «አባ ደግሞ፣ የዱሮ ነገር! ኢሜይል እኮ ፎርማል ነው። ሠልጥና ነው።»

«ደውልና ጠይቃት።»

«ለዚህች?» አለና ስልኩን ወሰደው። በላኪዋ አድራሻ ውስጥ አንዲት ፊደል ሁለት ጊዜ መደገሟን አላየም። የእኛን ስፔሊንግ ሲያርም የሚውል ሰው! ፓስዎርዱን ጻፈ፤ የመጣ ፎቶ የለም። «ኔትወርክ ነው» አለ።

ከሥራ ስመለስ አካውንቱ አልከፈት ብሎ አገኘሁት። ገነቴ ጋ ደወልኩ፤ ምንም አልላክሁም አለች። ፓስዎርዱ ተቀይሯል። ማስመለሻው ኮድ የሚሄደው ደግሞ ወደ እማዬ ሲም ነው፤ ቁጥሩን ያስመዘገበው ሶፎንያስ፣ ሲሙ እስኪዘጋ ዝም ያለውም ሶፎንያስ። ሌባውማ ሌባ ነው። ወንድሜን ግን ከሌባው አስበልጬ ናቅሁት። ይቅርታ እንኳ አላለም። «አቢጋኤል፣ አንቺ አይገባሽም፤ ደካማው ሲስተሙ ነው» ብሎኝ ሸሚዙን ሊተኩስ ገባ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ በዚያው በተተኮሰ ሸሚዝ ፊት ወጥቶ ቆመ። ርዕሱ የኢሜይል አጭበርባሪዎች ነው። ወላጆችም እንዲቀሩ ተነግሯል።

«የተወደዳችሁ፣ የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል እዩ። ሊንክ ከመንካታችሁ በፊት ላከ ለተባለው ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። አንድ ፎቶ ለማየት ፓስዎርድ አምጡ የሚላችሁን አትመኑ።»

የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ።

«በቅርቡ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ፣ ያው ያልተማሩ ናቸው፣ ሳያጣሩ ነክተው አካውንታቸውን ተዘረፉ።»

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አባ አጠገቤ ተቀምጧል። ብድግ ልል ስል ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ሶፎንያስ።

አባ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ።

«እኔ አለኝ፣ ልጄ። ሽማግሌው የሚስታቸውን ድምፅ ከእንግዲህ ከየት ይስሙት?»