ፀሐይ የጠገበ ክር

እልፍነሽ የክሩን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ሳብ ብታደርገው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተበጠሰ። ሌላ ክንድ ያህል ተርትራ ሞከረችው። ያም ተበጠሰ።

«የማይበጠስ ነው ያልኩህ፣ ዐብዱልዋሲዕ» አለች።

ዐብዱልዋሲዕ ከፍራሹ ማዶ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ናፊያ በፔርሙስ ያመጣችውን በወተት የፈላ የቡና ቅጠል ለለቀስተኞቹ እየቀዳች ነበር። ድንኳኑ ከሰልስት በኋላ ፈርሷል፤ ቤቱ ግን ገና ከሰው አልተለቀቀም። ፈላና በር በሚባለው ሰፈር ያለ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ አንዱ ሲያስል የሌላው ጎን ይነቃነቃል። ስለዚህ የክሩ ነገር የሁሉም ነገር ሆነ፤ በር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ወሬያቸውን ትተው ጆሯቸውን አቀኑ።

ባሏ እንደሻው ልብስ ሰፊ ነበር። መኪና ግርግር፣ ያ የስፌት መኪናው ጫጫታ ስም ያወጣለት መንገድ ላይ፣ ከዐብዱልዋሲዕ ጎን ለጎን ተቀምጦ ሲሰፋ ኖሮ ሞተ። እልፍነሽ ከቀብሩ ጀምሮ የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ የጎረቤት ነው፤ ጎረቤቲቱ ደግሞ፣ አትቀየመንና፣ ውፍረቷ የእልፍነሽን እጥፍ ነው። የእድሩ ሴቶች ጥቁር ጨርቅ ገዝተው ሲያመጡላት አንድ ነገር ብቻ አዘዘች፤ ዐብዱልዋሲዕ ይስፋው፣ ግን በጠንካራ ክር። እስክሞት አላወልቀውም ብላለች፣ በለቅሶው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እንዲህ ያለ ቃል እኛ ዘንድ አንዴ ከአፍ ከወጣ መልሶ መዋጥ ይከብዳል።

እንደሻው እጁ የተመሰገነ ነበር። የእሱ ሱሪ አይጣመምም፣ የእሱ ኮሌታ አይተኛም። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፤ የሐዘን ልብስ አይሆንለትም። እሱ የሰፋው ጥቁር ዓመት ሲሞላው ብብቱ ላይ ይተረተራል። ለሠርግ ወደ እንደሻው፣ ለሐዘን ወደ ሌላ እየተባለ ተቀልዶበታል።

አንድ ቀን ገሊላ የምትባል የአቦከር ሰፈር ሴት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቀሚሷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተርትሮባት በነጠላዋ ተሸፍና እየነደደች መጣች። እልፍነሽ ምሳውን ልታደርስለት መጥታ ነበርና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እሱ ግን ቀሚሱን አገላብጦ አየና ዓመቱ ሞልቷል ወይ ብሎ ጠየቃት። ሞልቷል አለች። እንግዲያው ይኼን ከምጠቅመው አበባ ያለበት ልስፋልሽ ብሎ ከመደርደሪያው ቢጫ ጨርቅ አወረደላት። ገሊላ ተሳድባ ወጣች። ውላ አድራ ግን ተመልሳ ቢጫውን አሰፋች። ያን ጊዜ እልፍነሽ፣ ስንፍናህን በአበባ ትሸፍናለህ ስትለው ዝም ብሎ ሳቀ።

የክር አያያዙስ! ጥቁሩን የጥጥ ክር ብቻ ለይቶ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ይተወዋል። እሷ አንስታ ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች፤ ዞር ስትል መስኮቱ ላይ ነው። ክር በርበሬ መሰለህ የምታሰጣው ብላ ስንቴ ተቆጥታዋለች።

አሁን ፍራሹ ላይ ሆና ቁራጩን ክር በጣቶቿ መሐል እያንከባለለች፣ ከየት እንደመጣ ገባት።

«የእሱን ነው ያመጣህልኝ። ሞቶም በዚህ ክር ሊጫወትብኝ ነው?»

ዐብዱልዋሲዕ ከኪሱ ሌላ ጥቅል አወጣ፤ ናይለን፣ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ። አጠገቧ አኖረውና ያዘዝሽው ይኸውልሽ፣ ምርጫው ያንቺ ነው፣ ሳትሰሚ ግን አትመርጪም አላት። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራት። የእንደሻው እናት ባሏ ሲሞት እንደሻው ገና ልጅ ነበር። ጥቁር ለበሰች፣ ዓመቱም ሞላ፣ ልብሱ ግን አልቀደድ አለ። ድሃ ናትና ደህና ልብስ አይጣልም ብላ ለበሰችው። ከዚያ ለመደችው። ከዚያ ደግሞ ማውለቁ ክህደት መሰላት። በዚያው ተቀበረች። ልጇ በሌላ ቀለም አይቷት አያውቅም።

«ክሩን ያሰጣ የነበረው ለዚህ ነው፤ ፀሐይ የጠገበ ክር ይደክማል፣ ከዓመት አያልፍም» አለ። «ሐዘንተኛዋን አውልቂው ብላት ትቀየመኛለች፣ ልብሱ ራሱ ካወለቀላት ግን ማንን ትቀየማለች ይለኝ ነበር።»

«እሱኑ ነዋ የሚሰድቡት።»

«ስድቡን ችሎት ነበር፣ አቦ።»

እልፍነሽ ቁራጩን ክር ጣቷ ላይ እንደገና ጠመጠመችው።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?» አለች።

ዐብዱልዋሲዕ ጺሙን አሻሸ። «ለእልፍነሽ የተነገረ ለሸዋ በር ገበያ የተነገረ ነው ይል ነበር። ወላሂ፣ ከራሴ አልጨመርኩም።»

አንዷ ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እልፍነሽም ሳቀች፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ተበላሸባት። ያን ሁሉ ጊዜ እሷ ስትሸሽግ እሱ ሲያወጣ፣ እሷ ስትሸሽግ እሱ ሲያወጣ ታያት። አሁን መጥቶ መስኮቱን ሙሉ ክር ቢደረድርበት ምንም አትለውም ነበር። እንዲያውም ፀሐይዋ ዞር ስትል እሷው ጥቅሎቹን ታዞርለት ነበር። ደግሞ ትሰድበው ነበር፣ ሳቁን ለመስማት።

«ሲቀደድብኝስ?» አለች። «ያኔ ምን ይቀረኛል?»

«እኔ አላውቅም። ካልሆነልሽ ጠቅመሽ ትለብሺዋለሽ፣ ክሩ አያስገድድም። አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ እንጂ።»

እልፍነሽ ናይለኑን በጣቷ ጫፍ ወደ እሱ ገፋችው። የመስኮቱን ክር አንስታ ትንሽ ያዝ አድርጋ ቆየችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። በር ላይ ያሉት ሴቶች ቃሏን የሰሙ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ቃልሽስ አላሏትም።

«እንግዲህ ልክሽን ንገሪኝ» አለ ዐብዱልዋሲዕ።

አፏን ከፈተች። ትከሻዋ፣ ወገቧ፣ ቁመቷ፣ አንዱንም አታውቀውም። እንደሻው ሜትር አንስቶ ለክቷት አያውቅም። ጨርቁን ዘርግቶ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ስትለብሰው ልክክ ይላል። ልኳን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ዐብዱልዋሲዕ ገባው። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ለናፊያ ሰጣትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እልፍነሽ ከፍራሹ ተነሥታ ቆመች፤ ከዚያ እንደ አዲስ ደንበኛ ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች።