ከጣሪያ የወደቀው ጀግና

ፍሪጅ ጠጋኙ ፊልም ትምህርት ቤት ለመግባት በእጁ የሠራውን አንድ ፊልም ማሳየት ነበረበት። እሱም ከስንቱ ታሪክ መርጦ፣ ዓለም እስኪሰለቸው ያየውን ባለ ካባ ጀግና አነሣ። ባለ ሀብቶቹ በሺህ ሠራተኛ የሚሠሩትን እሱ በሦስት ሰውና በእህቱ የልብስ ስፌት ክፍል ሊሠራው ቆርጦ ተነሣ። ድፍረት እንደሆነ በነፃ ነው።

ጀግናው የእህቱ ባል፣ የዳቦ መኪና ሾፌር ነው። የተመረጠው ለችሎታው ሳይሆን ለመኪናው ነው። ጭምብል አጥልቅ ቢሉት፣ ልጆቼ ካላወቁኝ ለማን ብዬ ነው የምበረው ብሎ አሻፈረኝ አለ። በስንት ልመና እሺ ቢልም፣ ማንነቱ ለማንም ያልተገለጠው ጀግና በየደቂቃው ጭምብሉን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። የሚፈርሰው ከተማ የፍሪጅ ካርቶን ስለሆነ ከረጅሙ ሕንፃ ላይ «ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚል ይነበባል። ክፉው ሰው፣ ማለትም ጎረቤቱ የሆነው ፀጉር አስተካካይ፣ ሤራውን አብራርቶ እስኪጨርስ ሰው አምልጦ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ተኝቶ ይነሣል።

ሲተች እንጂ ሲሠራ ታይቶ የማይታወቀው የትምህርት ቤቱ መምህር ቢሮው ተቀምጦ ይህን ሁሉ አየ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ከጣሪያ ሲዘል ደህና የነበረው ካባ መሬት ሲደርስ ለምን ተቀደደ? ጠጋኙ እያፈረ ከፊልሙ ቆርጦ ያስቀረውን ከስልኩ አወጣ። ገመዱ ይበጠስና ሾፌሩ ፍራሹን ስቶ ይወድቃል። የተጣለው ካሜራ ከመሬት ሆኖ ይቀርጻል። ክፉው ሰው የጀግናውን ራስ ጭኑ ላይ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ» እያለ ያለቅሳል፤ ጀግናው እናቱን ይጣራል።

«ፊልምህ ይሄ ነው» አለ መምህሩ። «ፍንዳታውን ጣልና ይሄን አስገባ፤ እኔ እቀበልሃለሁ።»

የሚያናድደው፣ ሰውዬው ልክ መሆኑ ነው። ያ ሁሉ ሀብት በሚፈስባቸው ፊልሞች ውስጥ ጀግና ሲወድቅ ማን ደንግጦ ያውቃል?

ሾፌሩ እግሩን በጀሶ አሳስሮ ስፌት ክፍሉ ውስጥ ተጋድሟል። ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ዳቦ ሳመላልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጆቼ ሃያ ደቂቃ ጀግና ሆኜ ያዩኛል። አንተ እንድትማር ብዬ እናቴን ስጣራ ይዩኝ?»

እህትየው የስፌት መኪናዋን መርገጫ አቁማ ወንድሟን አየችው።

ጠጋኙ የባዕድ ሰው ጀግና ማንንም ሳያስፈቅድ ወስዶ፣ ካባ ደርቦለት፣ ከጣሪያ ያዘለለ ሰው ነው። የአማቹን ውድቀት ግን ሳያስፈቅድ ለመውሰድ እጁ አልታዘዝ አለው። ውድቀቱን ሰረዘና ፊልሙን ከነካርቶኑ ላከ።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፤ ባለ አንድ መስመር ነው፤ አልተቀበሉትም።

«ምን አሉ?» አለ ሾፌሩ።

«ጀግናውን ወደውታል።»

ሾፌሩ እንዳልገረመው ሰው ትራሱን አመቻቸ። «እሱንማ አውቃለሁ» አለ።