አባቱ ያቆሙት ድንጋይ

«ቁም! ቁም አልኩህ!»

ዘይነዲን ከዘራውን ሽቅብ ይዞ ከኮምባይነሩ ፊት ተገተረ። ያ ቤት የሚያህል መኪና የጎረቤቱን የረቢያን ስንዴ በግራ፣ የእሱን በቀኝ ትቶ በመሃል ባለው መግቢያ ወደ ላይ ሲገሰግስ ነበር። ሹፌሩ ተሰማ ፍሬን ሲይዝ አቧራው ዘግይቶ መጣና ሁለቱንም አለበሳቸው።

«አባባ፣ ምን ሆነዋል? ልጨፈልቅዎት ነበር እኮ!» አለ ተሰማ አንገቱን አውጥቶ።

«የመጀመሪያው ዕጣ የረቢያ ነው። ማሳዋን አልፈህ ወዴት ነው?»

«እኔ ወደ ላይ ውጣ ነው የተባልኩት።»

«ላይ ያለው መሬት እኮ የእኛ አይደለም። የባለሀብት ነው።»

ተሰማ የሮቤ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ኮምባይነር ነድቷል። በመኸር ከገበሬ ጋር መጨቃጨቅ ለምዷል፤ ሽማግሌ ሲቆጣ ግን አንደበቱ ይያዛል። ስልኩን አውጥቶ ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ታች ዘረጋለት።

«እንኩ፣ ባለቤቱን ራስዎ ያነጋግሩት።»

«ተሰማ፣ ደረስክ?» አለ ስልኩ። «ዝናቡ ሳይቀድመን ከላይ ጀምር ብዬሃለሁ። የእነሱን ነገም ከነገ ወዲያም ታደርሰዋለህ። ሃሎ?»

ዘይነዲን ማን ልበል ብሎ አልጠየቀም። ይህን ድምፅ መልካ ገረምባ ቀበሌ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። የወረዳው ምክትል አስተዳዳሪ የለታ ድምፅ ነው። ስልኩን ለተሰማ መለሰለት።

ሰኔ ላይ ይኸው ድምፅ በቀበሌው አዳራሽ ሲናገር ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነበር የሰማው። ለታ በንግግሩ መሃል የግራ እጁን ከፍ ያደርጋል፤ በልጅነቱ ማጭድ የቆረጠው ጣቱ ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳያል፤ «እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ» ይላል። በዚያ ቀንም ጠባሳውን አሳይቶ ሲያበቃ፣ ዘጠኝ ገበሬዎች ማሳቸውን ገጥመው በክላስተር እንዲዘሩ፣ የድንበር ድንጋያቸውንም እንዲነቅሉ ጠየቀ። ድንጋይ የኮምባይነር ምላጭ ይሰብራል አለ። ኮምባይነሩንም ወረዳው ከአንድ ደግ ባለሀብት ለምኖ እንደሚያመጣላቸው ቃል ገባ።

ሰው አንገራገረ። በመልካ ገረምባ የድንበር ድንጋይ እንዲሁ አይነካም። የሚቆመው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓ ተደርጎ ነው፤ የነቀለው ሰው ዘሩ አይባረክም ይባላል። ስለዚህ ዘጠኙም አንገታቸውን ደፍተው ቀድሞ የሚነቅለውን ሰው ጠበቁ። ያን ጊዜ ለታ ወደ ዘይነዲን ዞረ።

«ኦቦ ዘይነዲን፣ እርስዎ ይጀምሩልን። ሰው የሚሰማው እርስዎን ነው።»

ዘይነዲን ጀመረ። ከእሱና ከረቢያ ማሳ መሃል አባቱ ያቆሙትን ድንጋይ በገዛ ዶማው ነቀለው። ሌሎቹም እሱን አይተው ነቀሉ። ለኮምባይነሩ መግቢያ ተብሎ አምስት እርምጃ የሚሰፋ መሬት ከእሱ ድርሻ ተቆርጦ ሳይዘራ ተተወ። መግቢያው ከእነሱ ማሳ አልፎ በሦስት ጎኑ ገደል እስከሆነው እስከ ላይኛው ሰፊ መሬት ድረስ ለምን እንደሚሄድ ጎረቤቱ ከሊል ጠይቆ ነበር። «ለወደፊቱ ልማት ነው» ተባለ። ተጨበጨበ። ዘይነዲንም አጨብጭቧል፤ አሁን ያ ጭብጨባ መዳፉን እያሳከከው ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ የተረተ ሰው ምነው ምላሱ በተቆረጠ! ይኸው የሰውን ርስት መንገድ አድርገው እየበሉ ተረቱን እንደ ሕግ ይጠቅሱታል።

የኮምባይነሩን መቆም ሰምተው ሰዎች መሰባሰብ ጀመሩ። ረቢያ ቀድማ ደረሰች። ባሏን ከቀበረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ማሳ ሌላ የላትም። አንድ ዛላ ቀጥፋ በመዳፏ አሸች፣ ገለባውን እፍ ብላ ፍሬውን በጥርሷ ነከሰች። ቀጭ አለ።

«ደርቋል» አለች። «ጤዛውም ረግፏል። ምን ይጠብቃል ታዲያ?»

ዘይነዲን የሰማውን ነገራት። ሲነግራት ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ከጎባ በላይ ተራራው አናት ላይ የተጠራቀመው ደመና ከጠዋቱ ይልቅ ጠቁሯል። በታኅሣሥ የሚመጣ ዝናብ ለማንም አይበጅም። አምና እንዲሁ ዘንቦ የረቢያ ስንዴ ዛላው ላይ እንዳለ በቅሎባት ነበር፤ ልጆቿ ክረምቱን ያሳለፉት ሲጋገር እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዳቦ እየበሉ ነው።

«ያ ረቢ!» አለች ረቢያ። ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «ኦቦ ዘይነዲን፣ እኔ ለታን አላውቀውም። እርስዎ ድንጋይዎን ሲነቅሉ አይቼ ነው የነቀልኩት» አለች።

ቢሰድቡት በቀለለው ነበር። ትናንት ማታ በራሱ ቆብ ውስጥ ነው ዕጣ የጣሉት። እያንዳንዱ የራሱን ምልክት አስቀመጠ፤ ረቢያ የቀሚሷን ቁልፍ፣ ከሊል የሳንቲም ቁራጭ፣ እሱ ከሙስበሃ መቁጠሪያው የወለቀች አንዲት ፍሬ። የረቢያ ቁልፍ አንደኛ ወጣ፤ የእሱ ፍሬ የመጨረሻ፣ ዘጠነኛ። «አላህ ያወጣው ነው» ብሎ ስቆ ነበር። ለካስ እነሱ ዕጣ ሲጣጣሉ ለታ ተራውን ጨርሶታል።

ብዙም ሳይቆይ ነጭ ፒክአፕ አቧራውን እያስነሳ መጣ። ለታ ከመኪናው አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በፈገግታ ተጣራ።

«ኦቦ ዘይነዲን! አካም ጅርቱ? ፈያዳ? ይግቡ እስቲ፣ እዚህ እናውራ። ነፋሱ ከባድ ነው።»

ዘይነዲን ገባ። በሩ ሲዘጋ ሽቶና የጥብስ ሽታ አንድ ላይ አፈኑት። ለታ ቁርሱን ገና መጨረሱ ነው፤ ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ ነው የሚያወራው።

«ላይ ያለው መሬት የማነው?» አለ ዘይነዲን።

«የማሜ ነው። በሕጋዊ መንገድ የተሰጠው ነው።»

ማሜ የለታ ሚስት ወንድም ነው። ሮቤ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። ስንዴና ገብስ ከፊቱ ቢያስቀምጡለት የትኛው የቱ እንደሆነ ማወቁን ዘይነዲን ይጠራጠራል።

«ኮምባይነሩስ? ወረዳው የለመነው ደግ ባለሀብትስ?»

«እሱም የቤተሰብ ነው» አለ ለታ፣ ከስቴኪኒው ጫፍ ላይ ያገኘውን ነገር አየት አድርጎ። «ምን ነውር አለው? ባለሥልጣን ልጆቹን አፈር ያብላ? ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ በእኔ ስም አንድም ነገር የለም።»

«ስለ ወረቀት አልጠየቅኩህም።»

«ይስሙኝማ፣ አይቆጡ። እርስዎን እኔ አልረሳም። ተሰማ አሁኑኑ የእርስዎን ያነሳል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ዝናብ ሳይነካው ስንዴዎ ጎተራ ይገባል። ለሰዎቹ ብቻ ትእዛዙ ከበላይ የመጣ ነው ይበሉልኝ። ትንሽ ይታገሱ ይበሏቸው። ሰው የሚሰማው እርስዎን ነው።»

ያችው የሰኔዋ ቃል! ዘይነዲን ያን ጊዜ እንደ ክብር ነበር የሰማት፤ በሚስቱ ፊት ሳይቀር ደግሟታል። አሁን ገባው። ይህ ሰው ከእሱ የሚፈልገው አፉን ነው። በሰኔ በአፉ መሬት ወሰደ፣ ዛሬ በአፉ የመበለት ስንዴ ለዝናብ ሊሰጥ ነው። ለታ ነገሩ ያለቀ መስሎት የዘይነዲንን ጉልበት መታ መታ አደረገው፤ የመታው ያ ማጭድ የቆረጠው ጣት ባለበት እጅ ነው። እጁ እንደ ሕፃን እጅ ለስልሷል። ጠባሳው ብቻ ነው የቀረው።

ዘይነዲን በሩን ከፍቶ ወረደ። ለታ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረለት።

«ገለቶማ፣ ኦቦ ዘይነዲን! አውቃለሁ፣ እርስዎ ሰው ይገባዎታል።» ከዚያ ወደ ተሰማ ጮኸ፤ «ከሳቸው ጀምር! ከዚያ ሳትቆም ወደ ላይ! እኔ ጎባ ስብሰባ አለኝ።»

«የምን ስብሰባ?» አለ ከሊል ከዳር ሆኖ።

«የመልካም አስተዳደር» አለ ለታ፤ ፊቱ ላይ ምንም ዓይነት ኃፍረት አልነበረም። ፒክአፑ ዞሮ ሄደ።

ዘይነዲን ከኮምባይነሩ መሰላል ሥር ካለው የተሰማ ጀሪካን ውሃ ቀድቶ እጁን ታጠበ፤ አፉን ተጉመጠመጠ። ደግሞ ታጠበ። እጁን የነካው ሰው የለም፤ የተነካው ጉልበቱ ነው። እሱን ግን በምን ይጠበው? እንደዚህ ተጸይፎ አያውቅም፤ የበለጠ የቀፈፈው ደግሞ የራሱ ነገር ነው። መኪናው ውስጥ ሳለ፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ስንዴው ጎተራ ሲገባ ታይቶት ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል፤ አጥሩን የቀደደው ደግሞ እሱ ነው።

«አባባ፣ ልጀምር?» አለ ተሰማ ሞተሩን እያስነሳ።

«ቆይ።»

የተነቀሉት ድንጋዮች ከመግቢያው አፍ ጎን ተከምረው ሣር በቅሎባቸዋል። ዘይነዲን የሚፈልገውን ለማግኘት አልተቸገረም። ረዘም ያለ፣ ጥቁር፣ አንድ ጎኑ ሽበት ያወጣ ድንጋይ ነው። ከዘራውን ከሥሩ አስገብቶ ፈነቀለው። ድንጋዩ ተገለበጠና ቆመ። እንደገና ፈነቀለው። ከዘራው ከመሃሉ ተሰነጠቀ። ወርውሮት በእጁ ገፋ፤ በሥልሳ ሁለት ዓመቱ ተንበርክኮ በትከሻው ገፋ። ስድስት ወር ሙሉ ለሌላ ሰው ጥርጊያ ሆኖ የከረመው መሬቱ ከሥሩ ሲፈረከስ ይሰማዋል።

ረቢያ ነገሩ የገባት ድንጋዩ ከኮምባይነሩ ፊት፣ መግቢያው መሃል ሲደርስ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ መጣችና ከጎኑ ሆና ገፋች። አላወሩም። ከሊልም ከክምሩ ላይ የራሱን ድንጋይ አቅፎ «ቢስሚላህ» እያለ ተከተላቸው። ከእሱ ኋላ ሌሎቹ መጡ።

ተሰማ ሞተሩን ሳያጠፋ ከመቀመጫው ወረደ።

«አባባ፣ ኧረ በእግዚአብሔር! በዚህ ላይ ባልፍ ምላጩ ድምጥማጡ ነው የሚጠፋው። እኔን ነው የሚያስሩኝ።»

«እሱን አውቄ ነው። እንዳትሞክረው።»

«ድንጋዩን ማን አስቀመጠ ቢሉኝስ?»

«ስሜን ንገራቸው። ዘይነዲን ድንበሩን መለሰ በላቸው።»

ተሰማ ድንጋዮቹን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ጋሼ ለታ፣ ወደ ላይ መውጣት አልተቻለም። ድንጋይ አለ… ድንጋይ ነው ያልኩት… እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጠዋት አልነበረም፣ አሁን አለ… ኧረ ስብሰባዎን አይተዉ፣ ድንጋዩ የሚነሳም አይመስለኝም።» በስልኩ ውስጥ የነበረው ጩኸት እየበረታ ሲመጣ ዘጋውና ኪሱ ከተተው። ወደ ዘይነዲን ዞረ።

«እንግዲህ ወደ ላይ ካልወጣሁ፣ ከእርስዎ ልጀምር? እሱም ያለኝ እንደዚያ ነው፤ ማሳዎም እዚሁ ነው።»

ዘይነዲን ትንፋሹን እየሰበሰበ ወደ ስንዴው ዞረ። ዛላው ሞልቶ አንገቱን ደፍቷል፤ እንዲህ ያለ ስንዴ ካየ ዓመታት አልፈዋል። ደመናው ጎባን አልፎ ወደ ሮቤ እየወረደ ነው፤ ነፋሱ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጥቷል። ቢበዛ የሦስት፣ የአራት ሰው ማሳ ይታጨድ እንደሆነ ነው። ዘጠነኛው ጋ እስኪደረስ ዝናቡ እንደማይጠብቅ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

«የእኔ ዘጠነኛ ነው» አለ። በጭቃ እጁ የረቢያን ማሳ አሳየውና አባቱ ባቆሙት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።