ያልታጠበው ሰደርያ

ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ ስንኳረፍ ሌላውን ቀድሞ ያናገረ ተሸንፏል። የተሸነፈ ደግሞ የሥራ ዕቃውን በሙሉ ያጥባል። ሕጉን ያወጣው ባሌ ነው። ሁልጊዜ ቀድሜ የምናገረው እኔ መስሎት ነበር። አልተሳሳተም፣ አፌ አያርፍም። እልኸኛ መሆኔን ግን ረስቶታል።

ሥራችን መርከብ ማጽዳት ነው፤ ላዩን ሳይሆን ታቹን። ወደብ ላይ ብዙ የቆመ መርከብ ሆዱ ላይ ዛጎል ይጣበቅበታል፣ የመልሕቁ ሰንሰለትም ይቆሽሻል። እኛ የአየር ሲሊንደር ተሸክመን፣ መፋቂያ ይዘን እንጠልቃለን። ከዕቃዎቻችን ሁሉ ጣጣው የሚበዛው ሰደርያው ነው። ከሲሊንደሩ በቱቦ አየር ይመጣለታል፤ ደረት ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት ይነፋል፣ የትከሻውን ገመድ ሲስቡት ይተነፍሳል። ሲነፋ ወደ ላይ ያንሳፍፋል፣ ሲተነፍስ ወደ ታች ያወርዳል። የባሕር ጨው ቁልፉ ውስጥ ከደረቀ ግን ያጣብቀዋል። ስለዚህ ከውሃ በወጣ ቁጥር በንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል፤ እኛማ ለሌላው እናስተምራለን።

የአሁኑ ኩርፊያ የመጣው ጎረቤት ቤት ምሳ ላይ ነው። ባሌ ሰው ሲሰበሰብለት ምላሱ ይፈታል።

"መጀመሪያ የጠለቀች ቀንኮ" አለ፣ በአገጩ እኔን እያሳየ፣ "ስትወጣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰችው!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያንን ለቅሶ ከእሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም፤ ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ምን ላድርግ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከበሩ እንደወጣን ግን አፌን ዘጋሁ። እሱም "ቀልድ አታውቂም" ብሎኝ ዘጋ።

እንዲያው ሆነን ሰነበትን። የምንነጋገረው ጀልባችንን በሚነዱልን በአጎቱ በኩል ነበር። ወሬ ስለማያልቅባቸው የወደቡ ሰው ሁሉ "ሬዲዮ" ይላቸዋል።

"ጋሼ፣ መፋቂያዬን የት እንዳደረገው ይጠይቁልኝ።"

"እግሯ ሥር ነው ይበሏት፣ አጎቴ።"

"እኔ የእናንተ ፖስታ ቤት ነኝ እንዴ?" ይላሉ። ግን ደስ እንደሚላቸው ያስታውቃሉ።

ሰደርያዎቹስ? እሱ "ነገ ትሸነፍና ታጥበዋለች" እያለ የራሱን ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ይሰቅላል። እኔም "ነገ እሱ ይሸነፋል" እያልኩ የኔን ከጎኑ እሰቅላለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ነጭ ጨው አውጥተው ሲደርቁ እያየን እናልፋለን። እንዲህ ያለ ሞኝነት ከእኛ ቤት በቀር የት ይገኛል?

ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ውሃ ውስጥ የተባለ ነገር አይቆጠርም። እዚያ የምንነጋገረው በእጅ ነው፣ ሥራው ያለዚያ አይሆንም። ስለዚህ ከታች በሰላም እንውላለን። "ደህና ነሽ?" ይለኛል በጣቶቹ፣ "ደህና ነኝ" እለዋለሁ። የሚያምር ዓሣ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ያሳየኛል። ጀልባው ላይ ስንወጣ ፊታችንን እናዞራለን።

አንድ ቀን የአንድ ትልቅ የጭነት መርከብ ሰንሰለት ላይ ነበርን፣ ብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ከሚደበዝዝበት ጥልቀት ላይ። እየፋቅሁ ሳለ የእግሩ መቅዘፊያ ፊቴን ገጭቶኝ ወደ ላይ አለፈ። መጀመሪያ ሥራውን ትቶልኝ የሚሄድ መስሎኝ ደሜ ፈላ። ቀና ስል ሰደርያው ተወጥሯል፤ እሱ ደረቱ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣቶቹ እየፈለቀቀ ነው። ከፍ ለማለት ትንሽ ተጭኖት ኖሯል፣ ቁልፉ ግን ተጣብቆ አልመለስ አለ። አየሩ ያለማቋረጥ እየገባ ነው።

ከዚያ ጥልቀት እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ የሚወጣ ሰው ሳንባው ውስጥ ያለው አየር እያበጠ ይሄዳል፤ ትንፋሹን ከያዘ ሳንባው ይፈነዳል። ቁርጭምጭሚቱን አፈፍ አደረግሁ። በአንድ እግሬ ሰንሰለቱን ጠመጠምኩና የራሴን ሰደርያ አየር ለቅቄ ከበድኩለት። ይዤው ቀረሁ። ሰንሰለቱ ጉልበቴን ላጠው፣ ይላጠው። ከዚያ ቀበቶውን እየጨበጥኩ ጎትቼ ፊት ለፊቴ አመጣሁት።

ዓይኖቹ መነጽሩ ውስጥ ፈጠዋል። ካፉ አረፋ አይወጣም። ስንት ዓመት ሙሉ "ትንፋሽሽን እንዳትይዢ" እያለ ያደነቆረኝ ሰውዬ፣ ደንግጦ ትንፋሹን ይዟል!

ሆዱን በቡጢ አልኩት።

ቡልቅ ብሎ ወጣ። በሕይወቴ እንደዚያ አረፋ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም። "አውጣ፣ አውጣ" አልኩት በእጄ፣ እሱም ራሱን ነቅንቆ እሺ አለኝ። የትከሻውን ገመድ ስቤ እንደያዝኩ አየሩ በላይ በኩል ይወጣ ጀመር፤ ግን በታች በኩልም ይገባል። ያለው መድኃኒት ቱቦውን ከሰደርያው መንቀል ብቻ ነው። ቱቦውን ከሰደርያው ጋር የሚያያይዘው ቀለበትም ጨው በልቶት አልንቀሳቀስ አለ። እሱ ጓንቱን አውልቆ ጣለና በባዶ ጣቱ ቀለበቱን ወደ ኋላ ሳበ፤ እኔም በተረፈው እጄ አብሬው ሳብኩ። አንዴ ተንሸራተተ። ሁለተኛ ስንስብ ቀጭ ብሎ ወለቀ።

ፍስስታው ቆመ። ሰደርያው ረገብ አለ፣ ባሌም እንደ ወትሮው ከጎኔ ተንሳፈፈ። ሰንሰለቱን እየያዝን ቀስ ብለን ወጣን።

ጠላቂ ውሃውን ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጥቂት ቆም ማለት አለበት። ቆምን። እሱ በአንድ እጁ ሰንሰለቱን፣ በሌላው እጄን ያዘ። እኔ ሥራዬ አረፋውን ማየት ብቻ ነበር፤ በወጣ ቁጥር ተመስገን እላለሁ። ከዚያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መነጽሩ ውስጥ እያለቀሰ ነበር። እኔ ደግሞ በጣም ወደድኩት፣ እንዲያ ወድጄው አላውቅም።

ጀልባው ጋ ስንደርስ አጎቱ ጎንበስ ብለው ተቀበሉን። ባሌ መነጽሩን አወለቀ።

"አንተ! ዓይንህ ምን ሆኖ ነው የቀላው? አለቀስክ እንዴ?"

የሬዲዮ ጆሮ የገባ ነገር እስኪመሽ ወደቡን ያዳርሳል። ብድሬን የምመልስበት ጊዜ መጣ። የጎረቤቶቻችን ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ አለ። አፌን ከፈትኩ።

"መነጽሩ ውሃ አስገብቶበት ነው፣ ጋሼ" አልኩ። "ጨው ነው ዓይኑን የለበለበው።"

ባሌ ዞር ብሎ አየኝ።

"ውሸቷን ነው፣ አጎቴ" አለ። "አልቅሼ ነው። እሷ ባትኖር ኖሮ ዛሬ የምታለቅሱት እናንተ ነበራችሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለና "ያቺን ቡጢ ግን ስትመኚያት ነው የሰነበትሽው አይደል?" አለኝ።

"ተናገርክ!" አልኩት።

"ተናገርኩ።"

"ተሸነፍክ።"

"ተሸነፍኩ፤ ተመስገን።"

ይሄኔ እኔ አልቻልኩም። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ እሱ እንደነገራቸው አድርጌ፣ ከዚያም አብልጬ። "ይህችን ለማንም አልናገርም" አለኝ በጆሮዬ። አጎቱ ሞተሩን እያስነሱ "እንግዲህ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ" አሉ።

ግቢያችን ስንደርስ ሊያጥብ እጅጌውን ሰበሰበ። የራሱን ሰደርያ ግን ከእጁ ቀማሁት፣ የኔን ሰጠሁት። ቁልፉን በሞቀ ውሃ ዘፍዝፌ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈትጌ፣ ጨው የሚባል እስኪጠፋ አጠብኩት። ከዚያ ቱቦውን ከሲሊንደሩ ጋር አገናኝቼ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ፍስስ አለ። ስለቀው ዝም አለ። ደግሜ ተጫንኩ። ስለቀው ዝም አለ።

"አየሩን ጨረስሽውኮ!" አለኝ ከባልዲው አጠገብ።

"ዝም በል" አልኩት፣ ደግሜ እየተጫንኩ። "አንተ ብቻ ተንፍስ።"