የሦስተኛው ክፍል አገልግሎት

ሐሙስ ጧት ገነቴ ቢሮዬ መጣች። የቀበሌያችን ጸሐፊ ናት። ወንበር ሳትስብ ቆማ ነገረችኝ።

«ቅዳሜ ከሰዓት የቤት ኮሚቴው እናንተ ሰፈር ነው። ክፍል ይቆጠራል፤ የእያንዳንዱ ክፍል አገልግሎትም ይመዘገባል። ያንቺን ሦስተኛ ክፍል ለአዲሱ ካድሬ አስበውታል።»

«በምን ሕግ?»

«በሩ ወደ መንገድ ነዋ የሚከፈተው። ጓድ ተገኘ እንደሚለው በሩ ወደ መንገድ የሆነ ክፍል ራሱን የቻለ ቤት ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ቤት ደግሞ ትርፍ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ብቻ ባዶ አይሁን። የሆነ ነገር አድርጊበት» አለችኝ።

የሆነ ነገር ማድረግ ሥራዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ የቤት ኢኮኖሚክስ አጥንቼ በግብርና ጽሕፈት ቤት የተቀጠርኩት ለዚሁ ነው። ከሆሳዕና እየተነሣሁ ጃጁራ፣ ዳምቦያ፣ አዲሎ እየዞርኩ ለገበሬ ሚስቶች ቤታቸውን እንዴት እንደሚከፋፍሉ አሳያለሁ። ከብቱ በአንድ በኩል፣ ሰው በሌላው በኩል፣ በመካከል እስከ ደረት የሚደርስ ምርጊት። ምድጃው ከመኝታው ይራቅ። ከጣራው ሥር የሚባክነው ቦታ ቆጥ ይሁን። ልጅ የሚያነብበት ጥግ መስኮት ይኑረው። የኮሚቴው ሊቀመንበር የጓድ ተገኘ ሚስት የጥጃ ክፍል ስትፈልግ በገመድ ለክቼ ያወጣሁላት እኔው ነኝ።

ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቴ ሄጄ ሦስተኛውን ክፍል እንደ ሌላ ሰው ክፍል ቆሜ አየሁት። አራት ሜትር በሦስት ተኩል። የስፌት ክፍል ሊሆን ይችላል፤ መኪናው አለኝ። የእህል ማስቀመጫ ልበለው? አንዲት ሴት ስንት ኩንታል ትበላለች ይሉኛል። የሠርቶ ማሳያ ክፍል ካልኩት መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይረከበኛል። እያንዳንዱ ሐሳብ ለሌላ ሴት ብነግራት ጥሩ ምክር ነበር። ለዚህ ክፍል ግን አልሆነም።

ክፍሉን የሠራው ባሌ ጴጥሮስ ነው። የባዮሎጂ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ለጥናት ሲመጡ ሳሎናችንን እንዳያቋርጡ ብሎ በሩን ወደ መንገድ አደረገው። በሚያዝያ 1970 በዚያው በር ወሰዱት። ሰባት ሳምንት ስንቅ አመላለስኩ። በስምንተኛው ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበለኝ «ከእንግዲህ አታምጪ» አለኝ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጥተው ጥቁር እንዳልለብስ፣ ሰው እንዳልሰበስብ፣ ድምፅ እንዳላሰማ ነገሩኝ። አረንጓዴ ሹራቤን ለብሼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ስለዚያ ጊዜ ከዚህ በላይ አልናገርም። የመንገዱን በር መቀርቀሪያ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወርውሬው አላውቅም።

«ምን ታያለሽ እንዲህ ተተክለሽ?» አሉኝ እትዬ ዓለሚቱ ከአጥሩ ማዶ። ጎረቤቴ ናቸው። እሳቸው የወንጌል አማኝ ናቸው፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ ጾም በገባ ቁጥር እንተራረባለን።

ገነቴ ያለችኝን ነገርኳቸው።

«አይ አንቺ! ሰው ቤት ገብተሽ ጥጃ ታስወጫለሽ፤ ከራስሽ ቤት አንድ ካድሬ መከልከል አቃተሽ?»

«ጥጃ ይሻላል፣ እትዬ። ጥጃ አዋጅ አይጠቅስም።»

«አዋጁስ ምን ይላል?»

«ትርፍ ቤት ነው የሚለው። በሩ ወደ መንገድ ስለሆነ ቤት አሉት።»

«በሩ ወደ ሳሎንሽ ቢሆንስ?»

«ያኔ ክፍል ነው።»

«እኔ ጋ ጭቃ አለ» አሉ። «ለወጥ ቤቴ ያቦካሁት። አሥር ቀኑ ነው፤ እንደ ቅቤ ሆኗል።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ሥራው ሁለት ነበር፤ የሳሎኑን ግድግዳ ቀድዶ በር ማውጣትና የመንገዱን በር መድፈን። የመጀመሪያውን ወዲያው እሺ አልኩ። ለሁለተኛው መልስ ሳልሰጥ ቢሮዬ ተመለስኩ።

ዓርብ ፈቃድ ወስጄ የሳሎኔን ግድግዳ በመጥረቢያና በመጋዝ ቀደድኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ወጣው። ወደ መንገዱ በር ግን ሁለት ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። መድፈኑ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ሦስት ቋሚ፣ ስድስት ማገር፣ ጭቃ ነው። ካልደፈንኩት ክፍሉን ይወስዱታል። ከደፈንኩት ደግሞ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልቆልፈው የኖርኩትን በር፣ ማንም እንደማይገባበት በገዛ እጄ አመንኩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ጧት እትዬ ዓለሚቱ አራት ሴቶች አስከትለው መጡ። አልጠራኋቸውም። ጭቃውን በባልዲ አመላልሰው ጓሮዬ ውስጥ ከጭድ ጋር እንደገና መርገጥ ጀመሩ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

«ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ነው ጭቃ የሚረገጠው?» አለች አንዷ።

«ባለ ዲግሪዋ፣ ተረከዝሽን! በተረከዝሽ ነው!» አለች ሌላዋ፤ ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ቋሚዎቹን ራሴ አቆምኩ። ማገሩን እነሱ አሰሩ። ከታች ወደ ላይ እየመረግን ስንሄድ ክፍሉ ቀስ በቀስ እየጨለመ መጣ። እንደ ልማዳቸው በሀዲይኛ ያወራሉ፤ እኔ የከምባታ ልጅ ብሆንም እሰማለሁ። የመዳፍ ያህል ክፍተት ሲቀር ወሬው ቆመ። እትዬ ዓለሚቱ አንድ እፍኝ ጭቃ አቀበሉኝና ፊታቸውን አዞሩ። ደፈንኩት።

ዞር ስል እትዬ ዓለሚቱ ወለሉ ላይ በተረፈው ጭድ ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸውን አጥፈው፣ ጭቃ የለበሰ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። አንዷም ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ። ለቅሶ ሲቀመጡ የማውቀው አቀማመጥ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በቤቴ አላየሁትም።

«ተቀመጪ» አሉኝ እትዬ ዓለሚቱ። ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። ያንን ለራሴ አስቀምጬዋለሁ። ግን ተቀመጥኩ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከውጭ የጓድ ተገኘ ድምፅ ተሰማ።

«እዚህ ጋ በር አልነበረም እንዴ?»

«ነበረ» አለች ገነቴ።

«ታዲያ የት ገባ?» ግድግዳውን በቡጢ መታው መሰለኝ፣ ዷ ከማለት ይልቅ ጭፍ አለ። ገነቴ ሳቋን አፈነች።

ዞረው በግቢው በር፣ በሳሎኑ በኩል መጡ። ጓድ ተገኘ ጭቃ የነካው እጁን ከሰውነቱ አርቆ፣ በአዲሱ ቀዳዳ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሊጮህ አፉን ከፍቶ ነበር። ስድስት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠን አየ። ቀና ያለ የለም። በእኛ አገር እንዲህ ወደተቀመጠ ቤት የገባ ሰው ቆሞ ጉዳዩን አያነሳም። አስቀድሞ ቁጭ ይላል፣ የሚባለውን ይላል፣ ሌላው ነገር ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያስተማረችው እናቱ ናት፤ ቀበሌ ደግሞ ገና አላስረሳውም። ኮፍያውን አወለቀና ከግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ገነቴም መዝገቧን ታቅፋ ተቀመጠች።

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ።

«አሜን» አልኩ።

ያን ጊዜ ነቃ። «ማን ሞቶ ነው?»

«ጴጥሮስ።»

ኮፍያውን መልሶ ጭንቅላቱ ላይ ደፋው። «ጓድ እህተማርያም! ይህ እኮ የተከለከለ ነው!»

«አውቃለሁ። አሁን ያጽናሽ ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

«አላወቅኩማ! ሰውየው ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው አይደል እንዴ!»

ድምፁ በክፍሉ ውስጥ ቀረ። ጴጥሮስ ሞቷል ብሎ በአፉ የነገረኝ የመጀመሪያው የመንግሥት ሰው እሱ ነው። እሱም ያለውን ሰማው፤ ጭቃ የነካ እጁን ማየት ጀመረ። ጴጥሮስ ሁለት ልጆቹን አስተምሮለታል።

ገነቴ መዝገቡን ከፈተች። «የሦስተኛው ክፍል አገልግሎት?» ብላ ጠየቀች፣ ከወረቀት እንደምታነብ ሰው።

ከጧት ጀምሮ «የስፌት ክፍል» ብዬ ልመልስ ተዘጋጅቼ ነበር። የስፌት መኪናውንም ወልውዬ አስቀምጫለሁ።

«ለቅሶ መቀመጫ» አልኩ።

ገነቴ ጻፈች።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አላት ጓድ ተገኘ።

«የቤቱ ባለቤት ያለችውን ጻፊ ነው የሚለው መመሪያው።»

«ሰርዢው!»

«በካርቦን ሦስት ቅጂ ነው፣ ጓድ። ቅጹ ደግሞ ቁጥር አለው። ከተሰረዘ ምክንያቱን ለአውራጃው በደብዳቤ ማብራራት የእርስዎ ነው።»

ጓድ ተገኘ ስለ ደብዳቤው አሰበ። እኛም አብረነው አሰብን።

«ጻፍ፣ ልጄ» አሉት እትዬ ዓለሚቱ። «‹ገብቼ፣ ቁጭ ብዬ አጽናናሁ› ብለህ ጻፍ። እኛ እንመሰክርልሃለን።»

አንዷ ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይነቃነቃል።

«ለቅሶ እኮ ሦስት ቀን ነው!» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «ክፍል ሙሉ ለቅሶ የሚባል አገልግሎት የለም!»

«ሦስት ቀኑ የሚቆጠረው ከተቀመጡበት ቀን ጀምሮ ነው። እኔ የተቀመጥኩት ዛሬ ነው።»

«እሺ፤ ሰኞ ያልቃላ?»

«ሲያልቅ እነግርዎታለሁ።»

ካድሬውን ሌላ ሰፈር አሳረፉት። ረቡዕ ዕለት የቤቶቹ ዝርዝር በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ። ሄጄ አነበብኩት። ዕቃ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ የልጆች መኝታ፣ ዕቃ ቤት፣ ለቅሶ መቀመጫ፣ ወጥ ቤት። የጴጥሮስ ስም የለበትም። ሆሳዕና ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ የቤቱን ቁጥር ያየ ሁሉ አወቀ።

ሐሙስ ዕለት አንድ የድሮ ተማሪው መጣ፤ አሁን እሱም መምህር ነው። ሩብ ሰዓት ተቀምጦ የሚባለውን ብሎ ሄደ። ዓርብ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ መጡ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ የሚሻገሩ ሰዎች ናቸው። አልወቀስኳቸውም፤ የሚቀመጡበትን ብቻ አሳየኋቸው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከአዲሎ አንዲት ሴት መጣች። የዘር ማስቀመጫ አሠርቻት አውቃታለሁ። ረጅም ጊዜ ተቀመጠች።

«ለባልሽ ብቻ አይደለም የመጣሁት» አለችኝ በመጨረሻ። «ለወንድሜም ተቀምጠንለት አናውቅም።»

ከወንበሬ ተነሥቼ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን ይመጣሉ፤ ከጃጁራ፣ ከዳምቦያ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘንቢላቸውን እደጅ እያስቀመጡ። ስም የሚነግሩኝ አሉ፣ የማይነግሩኝም አሉ። አልጠይቅም። ቦታው ጠበበ፤ የጴጥሮስን ጠረጴዛ ወደ መኝታ ቤቴ አዛወርኩት።

በሚያዝያ መጀመሪያ ጓድ ተገኘ ቀበሌ አስጠራኝ። ገነቴም ነበረች፤ መዝገቧ ላይ አቀርቅራለች።

«ይህ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ። የተቆጣ ለመምሰል እየሞከረ ነበር። «የበላይ አካል ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«የተመዘገበውን ይበሉ። ማኅተሙ የእርስዎ ነው።»

«ሐምሌ ላይ ክፍል እንደገና ይቆጠራል። ባዶ ሆኖ ካገኘሁት እወስደዋለሁ። አስጠንቅቄሻለሁ!»

«በሐምሌም ቁጠሩት» አልኩት። «ሰው ተቀምጦበት ታገኙታላችሁ።»

ወጥቼ ወደ አናጢው ሄድኩና ሁለት አግዳሚ ወንበር አዘዝኩ፤ ሰባት ሰባት ሰው የሚይዙ፣ ከሐምሌ በፊት የሚደርሱ።