የጋሽ ሰይፈሚካኤል ምዘና

ሙህሲና ወደ ምዘናው አዳራሽ ስትገባ ከተፈታኞቹ መካከል ጋሽ ሰይፈሚካኤልን አየችና ክው አለች።

የኤሌክትሪክ ሥራን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ከደሴ ወጥታ ካምፓላ ስትደርስ ገና ልጅ እግር ነበረች። መሰላል አሸክመው ሰፈራቸውን ሙቱንጎን ቤት ለቤት ይዘዋት ዞረዋል፤ ካቻቢቴ አያያዝ አሳይተዋታል። ኋላም «አንቺስ ተምረሽ ወረቀት መያዝ አለብሽ» ብለው ሉዚራ አጠገብ ባለ የሙያ ማሠልጠኛ አስመዘገቧት። ዛሬ እዚያው መዛኝ ሆናለች።

እሳቸው ግን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ኖሯቸው አያውቅም። ስልሳ ዓመት አልፏቸው ለፈተና የቀረቡት ሙንዮንዮ ያለ አንድ ሆቴል በቋሚነት ሊቀጥራቸው ፈልጎ ማረጋገጫ ስለጠየቃቸው ነው። ለሙህሲና ትንፍሽ አላሉም።

እሷም ሰላም ካለቻቸው በኋላ በቀጥታ ወደ ዋናዋ መዛኝ ወደ ማዳም ናካቶ ሄደች።

«እኚህ ሰው እንደ አባቴ ናቸው። እኔ ልመዝናቸው አይገባም።»

«እንኳን ነገርሽኝ» አለች ናካቶ። «እሳቸውን እኔ አያለሁ፤ አንቺ የወዲያኛውን ረድፍ ያዢ።»

ሥራው ተጀመረ። ሙህሲና የራሷን ተፈታኞች እየተከታተለች ዓይኗ አልፎ አልፎ ወደ እሳቸው ይሸሽባታል። የዘረጉት ሽቦ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ አምፖሉ በራ። የቀራቸው የተበላሸ ሶኬት መቀየር ብቻ ነበር። ደንቡ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ብሬከሩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሽቦው ላይ ኃይል አለመኖሩ በቴስተር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ወዲያ ነው እጅ የሚነካው። ይህን የዘለለ ሰው ሌላው ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር አያልፍም።

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ብሬከሩን አጠፉ። ወዲያው አንዱ ተፈታኝ አምፖል አምልጦት ተከሰከሰና ናካቶ ዞር አለች። እሳቸው ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ እንደተዉ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደለመዱት፣ ሽቦውን በጣታቸው ጀርባ ነካ አደረጉት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከሙህሲና ዓይን ጋር ተጋጨ።

ፈተናው ሲያልቅ ናካቶ ፊቷ በርቶ መጣች። «ግሩም ባለሙያ ናቸው! አልፈዋል።»

 ሙህሲና ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም።

«ማዳም፣ ቴስተር አልተጠቀሙም። እርስዎ ዞር ሲሉ በጣታቸው ነው የሞከሩት።»

ናካቶ ወደ እሳቸው ሄዳ ጠየቀቻቸው።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ረሳሁት አልልም። ጣቴን አምኜ ነው።»

በዚያው ወደቁ። ድጋሚ የሚፈተኑት ከሦስት ወር በኋላ ነው ተባሉ።

ወደ ሙቱንጎ በአንድ ታክሲ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ወርደው ዳገቱን ሲጀምሩ ሙህሲና እንባዋ መጣ።

«የወደቅሁት እኔ! አንቺን ምን ያስለቅስሻል?»

«ተቀይመውኛል።»

«ተናድጃለሁ እንጂ አልተቀየምኩም። ንዴት ደግሞ እስከ ነገ ይበርዳል።»

«ጋሼ፣ እኔን እኮ አንድም ቀን ሽቦ በእጅ አስሞክረውኝ አያውቁም። ልነካ ስል በፒንሳው እጀታ ነበር የሚመቱኝ።»

«ልጅ ነበርሽ። እጅሽ ያሳሳኝ ነበር።»

«የእርስዎ እጅስ እኔን አያሳሳኝም?»

ጋሽ ሰይፈሚካኤል ቆሙ። ከታች ወደሚታየው ሐይቅም ዞሩ። «ይሄን ያልሽኝን ለደመቀች እንዳትነግሪያት። ከተጋባን ጀምሮ የምትጨቀጭቀኝ ይሄንኑ ነው።»

ሙህሲና ግን የዚያኑ ዕለት ለወይዘሮ ደመቀች ነገረቻቸው። መዛኝ በመሆኗ ጋሽ ሰይፈሚካኤልን እሷ ልታለማምዳቸው አልፈለገችም፤ ሥራውን ወይዘሮ ደመቀች ተረከቡት። ባለቤታቸው የቤቱን ሶኬት በፈቱ ቁጥር ከኋላ ቆመው «ቴስተሩስ?» ይላሉ። ሻይ አፍልተው ሳይጨርሱ ብሬከሩ የሚጠፋባቸው ቀን በዛ፤ ያም ሆኖ አላማረሩም። እየቆየ ሲሄድ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ሳይጠየቁ «ይኸው፣ ይኸው!» እያሉ ቴስተሩን ከፍ አድርገው ማሳየት ጀመሩ።

በድጋሚው ፈተና ቀን ሙህሲና ፈቃድ ጠይቃ ከአዳራሹ ራቀች። ውጤቱን የሰማችው ከራሳቸው ነው። በስልክ «ሐይቁ ዳር ፖርት ቤል ነይ፣ ዓሣ እንብላ» ብለው ዘጉት።

ስትደርስ ወይዘሮ ደመቀች ነጭ ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ሰይፈሚካኤል ግን ፊታቸው ተኮሳትሯል።

«አላለፉም እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«አልፌያለሁ፤ ሰማንያ አራት።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«አሥራ ስድስቱ የት ሄደ?» አሉ ጣታቸውን እያወዛወዙ። «ያቺ ሴትዮ የሶኬቱ ከፍታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወርዷል አለችኝ። ወርዷል እንበል። ለሁለት ሳንቲ ሜትር ይሄ ሁሉ ይቆረጣል? አንቺ ብትሆኚ ስንት ትቆርጪ ነበር?»

ሙህሲና ትንሽ አሰበች። «ከዚህም የባሰ።»

ወይዘሮ ደመቀች በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ሰይፈሚካኤል መጀመሪያ ሊቆጡ አሰቡ፤ ኋላ ግን ትልቁን የዓሣ ቁራጭ አንስተው በእጃቸው አጎረሷት።